ሐሰት ተብሎ የተናቀው የደም ምስክር

አንባቢ ሆይ፤ ሾተላይ የሚለውን ቃል ያልሰማ በመካከላችን አይገኝም። አንዲት ሴት ፀንሳ ፅንሱ ሲጨነግፍባት፥ ደግማ ብትፀንስ ሲሞትባት፥ ሦስተኛውንም ሳታጠባው ስትቀብረው፥ ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሾተላይ አለባት» ይላል። የጥንቱ ሰው ነገሩን የመንፈስ ሥራ አድርጎ ያየው ነበር። ስለዚህም ክታብ ይጻፍላታል፥ ጠበል ትጠመቃለች፤ ከብዙ ሐዘን በኋላ የተወለደ ልጅ ቢተርፍላትም ሞት እንዳይመኘው የማያምር ስም ታወጣለታለች። ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚከፋው ግን ጥፋቱ በእርስዋ ላይ መጫኑ ነው። ልጅ የሞተባት እናት በሐዘንዋ ላይ ሐሜት ትጨምራለች፤ ትዳርዋም በዚሁ ሰበብ የሚፈርስበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ዛሬ ሐኪሞቻችን ሾተላይ ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቡት የእናትና የፅንስ ደም በአርኤች ዓይነት አለመስማማቱን ነው። የእናቲቱ ደም አርኤች ኔጌቲቭ፥ የልጅዋ ግን ፖዚቲቭ ሲሆን፥ ሰውነትዋ የልጁን ቀይ የደም ሕዋሳት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃቸዋል። የመጀመሪያው ልጅ ብዙውን ጊዜ ይተርፋል፤ ጉዳቱ የሚበረታው በተከታዮቹ ላይ ነው። ይህን የሚከላከለው መርፌ ከ1968 ጀምሮ በሥራ ላይ ስለዋለና ታሪኩም በሰፊው ስለተነገረ እዚህ ላይ አልቆይበትም። (ዘመኖቹን ሁሉ የምጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስታውስልኝ።) የዛሬው ነገሬ ስለ ሌሎች ሴቶች ነው። የእነዚህ ሴቶች ደም ከባላቸው ደም ጋር ምንም ጠብ የለውም፤ ማሕፀናቸውም ጤነኛ ነው፤ ሆኖም ፅንሳቸው እየደጋገመ ይሞታል። የዚህ ምክንያት የታወቀው በጣም በጠማማ መንገድ ነው። መንገዱም የሚነሣው ስለ እርግዝና ለማወቅ ከተደረገ ምርምር ሳይሆን፥ ቂጥኝን ለማወቅ ከተፈለሰፈ የደም ምርመራ ነው።

በ1905 ሻውዲንና ሆፍማን የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን የቂጥኝን ተሕዋስ በአጉሊ መነጽር አዩት። በተከታዩ ዓመት አውጉስት ቫሰርማን ከናይሰርና ከብሩክ ጋር ሆኖ በሽታው በደም የሚታወቅበትን ዘዴ አስታወቀ። ዘዴው ብልኀት ያለበት ስለ ሆነ ጥቂት ልግለጸው። ባዕድ ነገር ወደ ሰውነታችን ሲገባ ሰውነታችን ፀረ እንግዳ አካል የሚባል ዘበኛ ያበጅበታል። በደማችን ውሃ ውስጥ ደግሞ ኮምፕሌመንት የሚሉት ረዳት አለ፤ ዘበኛው ጠላቱን ሲይዝ ይህ ረዳት መጥቶ ያግዘዋል፥ በሥራውም ላይ ያልቃል። ቫሰርማን የተጠርጣሪውን የደም ውሃ፥ ቂጥኝ ከገደለው ፅንስ ጉበት ከወጣ ጭማቂ ጋር አዋሐደው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኮምፕሌመንቱ ካለቀ፥ በብልቃጡ ውስጥ ጠብ ተደርጓል ማለት ነው። ጠበኞቹን ሳያይ፥ በጠቡ ላይ ያለቀውን ጥይት ቆጥሮ ጠብ መኖሩን ዐወቀ እንደ ማለት ነው።

ብዙም ሳይቆይ ግን አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ተገለጠ። የቂጥኝ ተሕዋስ ፈጽሞ ካልነካው ሥጋ፥ ለምሳሌም ከጤነኛ ሰው ጉበት ወይም ከበሬ ልብ የወጣው ጭማቂ የዚያኑ ያህል የሚሠራ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በብልቃጡ ውስጥ ያለው ዘበኛ የሚይዘው ተሕዋሱን አልነበረም፤ በእያንዳንዳችን ሥጋ ውስጥ ያለ አንድ ዓይነት ስብ ነበር እንጂ። ሊቃውንቱ ይህን ዐውቀው ዝም አሉ ለማለት ባይቻልም፥ ምርመራው ስለ ሠራላቸው ወደ ፊት መሄዱን መረጡ። በ1941 በኒው ዮርክ ግዛት፥ በኦልባኒ ከተማ በጤና ጥበቃ ላቦራቶሪ የምትሠራው ሜሪ ፓንግቦርን ያን ስብ ከበሬ ልብ አጥርታ አወጣችው፤ ከልብ የተገኘ በመሆኑም ካርዲዮሊፒን ተባለ። አንባቢ ይህን ስም ይያዝልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ምርመራው እንዲህ ያለ ጉድለት እያለበት የሕግ ሥልጣን አገኘ። በአሜሪካ በ1935 የኮኔቲከት ግዛት ሰው ከመጋባቱ በፊት ደሙን እንዲያስመረምር አዘዘ። በ1938 ደግሞ ኒው ዮርክና ሮድ አይላንድ ነፍሰ ጡር ሴቶች ሁሉ እንዲመረመሩ ደነገጉ። የሕጉ አሳብ መልካም ነበር፤ ቂጥኝ ራሱ ብርቱ የፅንስ ገዳይ ነውና፥ በጊዜው የታከመች እናት ልጅዋን ታተርፋለች። ነገር ግን ወንፊቱ ሰፊ በሆነ ቁጥር ያለ ጥፋታቸው የሚያዙትም እየበዙ ሄዱ። እስቲ አስቡት! ከባልዋ በቀር ወንድ የማታውቅ፥ ባልዋም ከእርስዋ በቀር ሴት የማያውቅ አንዲት ወጣት፥ የፅንስዋን ደኅንነት ልትጠይቅ ሄዳ «ቂጥኝ አለብሽ» ብትባል ቤትዋ ስትመለስ ምን ብላ ትናገር? ማንስ ያምናታል? የዚያ ዘመን ሕክምናም ቀላል አልነበረም፤ ፔኒሲሊን ከመምጣቱ በፊት ሰዎች የአርሴኒክና የቢስሙት መርፌ ለወራት ይወጉ ነበር። በሌለ በሽታ ምክንያት መርዝ መወጋት ይህ ነው።

ሐሰቱን ከእውነቱ ለይቶ ማወቅ የተቻለው በ1949 ነው። በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ኔልሰንና ሜየር የሚባሉ ሁለት ሰዎች ሕያው የሆነውን የቂጥኝ ተሕዋስ በሰው ደም ውሃ ውስጥ እየጨመሩ መመልከት ጀመሩ። ሰውየው በእርግጥ ቂጥኝ ይዞት ከሆነ ተሕዋሱ መንቀሳቀሱን ይተዋል፤ ካልያዘው ግን እንደ ልቡ ይዋኛል። በዚህ አዲስ ሚዛን የቀድሞዎቹ ተከሳሾች እንደ ገና ተመዘኑ፤ ብዙዎቹም ነፃ ወጡ። በዚያው በሆፕኪንስ ሙርና ሞር የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በ1952 እነዚህን በሐሰት የተከሰሱ ሰዎች በሁለት ከፈሏቸው። አንዳንዶቹ ከወባ ወይም ከሌላ ትኩሳት በኋላ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ምርመራው የሚሳሳትባቸው ናቸው። የሌሎቹ ስሕተት ግን ለዓመታት የሚቆይ ሆነ። እነዚህ ይበልጡን ሴቶች ሲሆኑ፥ ከእነርሱም መካከል ውለው አድረው ሉፐስ የሚባለው በሽታ የታየባቸው ነበሩ። ሉፐስ ሰውነት ዘበኞቹን በገዛ ሥጋው ላይ የሚያዘምትበት በሽታ ነው።

እንግዲህ ምርመራው ቂጥኝን በተመለከተ ሐሰተኛ ምስክር ነበር፤ ነገር ግን ባዶ ቃል አልተናገረም። አንድ ነገር አይቶ ነበር፤ ያየውን ነገር ስም ግን ያወቀ ሰው አልነበረም። «ሐሰተኛ ውጤት» ተብሎ በመዝገብ ከተጻፈ በኋላ ሐኪሙም ታካሚዋም ተገላገልን ብለው ነገሩን ተዉት። በእኔ አስተያየት በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ጥፋት የመጀመሪያው ስሕተት አይደለም፤ ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ መጠየቁ መቅረቱ ነው እንጂ።

በዚያው በ1952፥ በዚያው በባልቲሞር፥ ኮንሊና ሃርትማን ሉፐስ ስለያዛቸው ሁለት ሕመምተኞች ጻፉ። የእነዚህ ሰዎች ደም በብልቃጥ ሲመረመር እንደ ሌላው ሰው ደም ቶሎ አይረጋም። በ1957 በስዊድን ላውሬልና ኒልሶን ይህ ደምን ከመርጋት የሚያዘገይ ነገርና ሐሰተኛው የቂጥኝ ውጤት አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን አመለከቱ። ደሙ የማይረጋ ሰው ይደማል ብሎ ማሰብ የተገባ ነው፤ ሁሉም እንዲሁ አሰበ። በ1963 ግን በአሜሪካ በሜዮ ክሊኒክ ቦዊና ባልደረቦቹ ከዚህ የሚቃረን ነገር አስታወቁ። እነዚህ ሕመምተኞች መድማታቸው ቀርቶ በደም ሥሮቻቸው ውስጥ ደም እየረጋ ያሠቃያቸዋል! በብልቃጥ ውስጥ አልረጋም ያለ ደም በሰውነት ውስጥ ያለ መጠን ይረጋል።

የዚህ እንቆቅልሽ ፍቺ እንዲህ ነው። ደም በብልቃጥ ውስጥ እንዲረጋ የሚደገፍበት የስብ ገጽ ያስፈልገዋል፤ ዘበኛው ያን ገጽ ስለሚሸፍንበት ደሙ ሳይረጋ ይዘገያል። በሕያው ሰውነት ውስጥ ግን ያው ዘበኛ የደም ሥሮችን ውስጠኛ ሽፋንና ፕላትሌት የሚባሉትን የደም ቅንጣቶች እየነካ ያስቆጣቸዋል፤ እነርሱም ደሙን ያረጉታል።

አሁን ወደ እርጉዝዋ ሴት እንመለስ። ፅንስ የሚበላውና የሚተነፍሰው በእንግዴ ልጅ በኩል ነው። የእናቲቱ ደም ወደዚያ የሚደርሰው በቀጫጭን ሥሮች ሲሆን፥ በዚያ ያለው የደም ጉዞ እንደ ዝግተኛ ወንዝ ለስለስ ያለ ነው። ደሙ በዚያ ሲረጋ፥ ወይም ያ ዘበኛ የእንግዴ ልጁን ሕዋሳት ሲያጠቃ፥ ፅንሱ ይራባል፤ ከሲታ ሆኖ ይቀራል፤ ብዙ ጊዜም ይሞታል። በ1975 ስዊድናዊትዋ ኢንጋ ማሪ ኒልሶን ፅንስ በማሕፀን ውስጥ እየሞተባት ስለተቸገረች ሴትና በደምዋ ውስጥ ስለተገኘው መርጋትን የሚያዘገይ ነገር ከባልደረቦችዋ ጋር ጻፈች።

ክሮቹን ሁሉ አንድ ላይ የገመደው ግን የሎንዶኑ ሐኪም ግራሃም ሂዩዝ ነው። በ1983 በሃመርስሚዝ ሆስፒታል ከናይጄል ሃሪስ፥ ከአዚዝ ገራቪና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ያን ዘበኛ በቀጥታ የሚለካ ምርመራ አወጣ። ለመለኪያ የተጠቀሙበትም ነገር ያው ሜሪ ፓንግቦርን ከበሬ ልብ ያወጣችው ካርዲዮሊፒን ነበር። በዚያው ዓመት ሂዩዝ በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ በሥር ውስጥ የሚረጋ ደምን፥ የሚደጋገም ውርጃንና የአንጎል ሕመምን በአንድ በሽታ ሥር አሰለፋቸው። ዛሬ በሽታው አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድሮም ይባላል፤ አንዳንዶችም በሂዩዝ ስም ይጠሩታል። እነሆ ከቫሰርማን ዘመን ጀምሮ 77 ዓመት ሙሉ በብልቃጥ ውስጥ ሲጮኽ የነበረው ምስክር በመጨረሻ ቃሉ ተተረጐመለት።

በሽታው ከታወቀ ዘንድ መድኃኒቱስ? በመጀመሪያ የታሰበው ዘበኞቹን ራሳቸውን ማድከም ነበር። በኒው ዚላንድ ሉቤና ባልደረቦቹ ፕሬድኒሶን የሚባለውን ብርቱ መድኃኒት ከአስፕሪን ጋር እየሰጡ፥ ልጅ አልበረክትላቸው ያሉ እናቶች ሕያው ልጅ መውለዳቸውን በ1983 አስታወቁ። ነገር ግን ፕሬድኒሶን ለወራት ሲወሰድ የደም ግፊትንና የስኳር በሽታን ያመጣል። በ1992 የታተመ ንጽጽር እንዳሳየው ፕሬድኒሶን የወሰዱትና ሄፓሪን የወሰዱት እናቶች ያገኙት ሕያው ልጅ እኩል ሲሆን፥ ፕሬድኒሶን የወሰዱት ግን ይበልጥ ታመዋል፥ ያለ ቀኑም ወልደዋል።

ስለ ሄፓሪን ጥቂት ባልናገር ታሪኩ ይጎድላል። ሄፓሪንን በ1916 ያገኘው ጄይ ማክሊን የሚባል የሕክምና ተማሪ ነው። መምህሩ ዊልያም ሃውል ደምን የሚያረጋ ነገር እንዲፈልግ አዝዞት ሳለ፥ እርሱ ከውሻ ጉበት ውስጥ ደምን እንዳይረጋ የሚከለክል ነገር አገኘ። ይህ የሆነው የት ይመስላችኋል? በዚያው በባልቲሞር፥ በዚያው በጆንስ ሆፕኪንስ ነው! ስለዚህ በ1952 በአንድ ዩኒቨርሲቲ አጥር ውስጥ ሐሰተኛውን የቂጥኝ ውጤት የሚያጠኑት ሰዎች፥ የደሙን አለመርጋት ያዩት ሰዎች፥ የሄፓሪንም ታሪክ አብረው ይገኙ ነበር። ሦስቱን ነገሮች አንድ ላይ አስቀምጦ ለአንዲት እናት ለመስጠት ግን ከ30 ዓመት በላይ ፈጀ። ይህን የምለው እነዚያን ሊቃውንት ለመውቀስ አይደለም፤ አንዱ የቂጥኝ ሐኪም፥ ሌላው የደም ሐኪም፥ ሦስተኛውም የማሕፀን ሐኪም ሆኖ እያንዳንዱ የራሱን በር ዘግቶ ሲሠራ የሚሆነው ይህ ስለ ሆነ ነው።

ደምን ከመርጋት የሚከለክል ሌላም መድኃኒት አለ፤ ስሙ ዋርፋሪን ነው። እርሱ ግን በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ ወደ ፅንሱ ይገባል፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት የልጁን አፍንጫና አጥንት ያበላሻል። ሄፓሪን ቅንጣቱ ትልቅ ስለ ሆነ ወደ ፅንሱ አያልፍም። ስለዚህ ዋርፋሪን ስትወስድ የነበረች ሴት ስትፀንስ ሐኪሙ ሳይዘገይ ወደ ሄፓሪን ያዛውራታል። ዋርፋሪን የምትወስድ አንባቢ ብትኖር፥ ለመፅነስ ስታስብ አስቀድማ ሐኪምዋን እንድታማክር ይህን ነገር አደራ እላለሁ።

በ1997 በሎንዶን በሴንት ሜሪ ሆስፒታል ራይ፥ ሬጋንና ባልደረቦቻቸው ሦስት ጊዜና ከዚያም በላይ ፅንስ የጨነገፈባቸውን 90 ሴቶች በሁለት እኩል ክፍል አደረጓቸው። በጥቂት መጠን አስፕሪን ብቻ ከወሰዱት 45 ሴቶች 19ኙ ሕያው ልጅ ወለዱ። አስፕሪንና ሄፓሪን አብረው ከወሰዱት 45 ሴቶች ግን 32ቱ ወለዱ። በኋላ የተደረጉ አንዳንድ ምርመራዎች በሁለቱ መካከል ይህን ያህል ልዩነት አላገኙም፤ ስለ መጠኑም ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ሆኖም ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት የተለመደው ሕክምና ሆኖ ቀጥሏል።

ለምን እንደሚሠራ የተገኘው ምክንያት ደግሞ ታሪኩን ወደ መነሻው ይመልሰዋል። በ2004 በኒው ዮርክ ጂራርዲ፥ ሳልሞንና ባልደረቦቻቸው በእርጉዝ አይጦች ላይ ባደረጉት ምርመራ፥ ሄፓሪን ፅንሱን የሚያድነው ደምን በማቅጠኑ ብቻ አለመሆኑን አሳዩ። ሄፓሪን ኮምፕሌመንትን ይገታል፤ ደምን የሚያቀጥኑ ኮምፕሌመንትን ግን የማይገቱ መድኃኒቶች የአይጦቹን ፅንስ አላዳኑም። ይህ ኮምፕሌመንት ቫሰርማን በ1906 በብልቃጡ ውስጥ ማለቁን ይቆጥር የነበረው ያው ረዳት ነው።

በአገራችን እርጉዝ ሴት ለክትትል ስትሄድ የቂጥኝ ምርመራ ይደረግላታል፤ ቪዲአርኤል የሚባለው ምርመራ ዛሬም በካርዲዮሊፒን የሚሠራ ነው። ስለዚህ ሁለት ነገር ለአንባቢ ላስታውስ። አንደኛው፥ ውጤቱ «አለ» የተባለ ሰው «ሐሰት ነው» ብሎ ሕክምናውን እንዳይሸሽ ነው። ቂጥኝ በእውነት አለና፥ ፔኒሲሊንም ልጅን ያድናልና፥ ሐኪሙ ውጉ ሲል መወጋት ይገባል። ሁለተኛው፥ ወባና ለምጽም ይህን ምርመራ ሊያሳስቱት ስለሚችሉ፥ ባልና ሚስት ተካስሰው ከመጣላታቸው በፊት ተሕዋሱን ራሱን የሚመለከተውን ሌላ ምርመራ ይጠይቁ። ያ ምርመራ ነፃ ካወጣት በኋላ ግን ሴትዮዋ ፅንስ እየደጋገመ የጨነገፈባት ወይም በእግርዋ ሥር ደም የረጋባት ከሆነች፥ መዝገቡን ዘግቶ መሄድ አይገባም። የካርዲዮሊፒኑ ዘበኛ ይለካ፤ የተገኘ እንደ ሆነም ከ12 ሳምንት በኋላ ተደግሞ ይታይ። አንድ ጊዜ ታይቶ የሚጠፋ ዘበኛ ከትኩሳት በኋላ በማንም ሰው ላይ ሊገኝ ይችላልና።

ሌላም የሚነገር ነገር አለ። ዛሬ ሄፓሪን የሚወጣው ይበልጡን ከዓሣማ አንጀት ነው። በአገራችን ክርስቲያኑም እስላሙም ከዓሣማ የሚርቅ ስለ ሆነ፥ ሐኪሙ ይህን ለታካሚዋ ደብቆ ኋላ ከሌላ ሰው ከምትሰማው፥ አስቀድሞ ነግሮአት ከቤተ ሰብዋና ከንስሐ አባትዋ ወይም ከሼኽዋ ጋር ብትመክርበት ይሻላል።

መርፌው በየቀኑ ከሆድ ቆዳ ሥር የሚወጋ ነው። አብዛኛዎቹ ሴቶች ጥቂት ቀን ከተማሩ በኋላ በቤታቸው በገዛ እጃቸው ይወጉታል። ፅንሱ መኖሩ ከታወቀ ጀምሮ እስከ ምጡ ዋዜማ ይዘልቃል፤ ደም የሚረጋበት አደገኛው ጊዜ ከወሊድ በኋላም ስለሚቀጥል 6 ሳምንት ያህል ይጨመርበታል። ዘበኛው ግን በዚህ ሁሉ መርፌ አይጠፋም። እናቲቱ ልጅዋን ታቅፋ ለክትባት በመጣች ጊዜ ደምዋ በዚያው በጥንቱ ዓይነት ምርመራ ቢታይ፥ ብልቃጡ እንደ ቀድሞው ያንኑ ቃል ይናገራል።